ፖለቲከኛን ማይክ ፊት ለምታስቀምጡ የፖድካስት አዘጋጆች፦ ግልጽ ደብዳቤ

ውድ የፖድካስትና የላይቭ ዝግጅት አዘጋጆች፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በድምፅና በቪዲዮ ዝግጅት፣ በኤዲቲንግና መረጃ በማጣራት ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን። ስለ ስፖርት፣ ስለ ጂም፣ ስለ ጌም፣ ስለ ገንዘብና ስለ ፍቅር እያወራችሁ ብዙ ወጣት ወንድ አድማጮችን አፍርታችኋል፤ አሁን ደግሞ ፖለቲከኛ መጋበዝ ጀምራችኋል። «እኛ ጋዜጠኛ አይደለንም፣ ጨዋታ ነው የያዝነው» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ ጋዜጠኛ አይደላችሁም። የምርጫ ዘመቻ የሚመሩ ሰዎች ግን የእናንተን ስቱዲዮ ከቴሌቪዥን ጣቢያ እኩል፣ አንዳንዴም አስቀድመው፣ በፕሮግራማቸው ውስጥ ማስገባት ከጀመሩ ቆይተዋል። እንግዳው ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣው። እናንተም እንድትዘጋጁ እንጠይቃለን፤ እንዴት እንደሚዘጋጁም የምናውቀውን እናካፍላችኋለን።

ነገሩ የት እንደደረሰ ለማየት የ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ይበቃል (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዓመቶችና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዶናልድ ትራምፕ ከፖድካስትና ከላይቭ አዘጋጆች ጋር፣ በጁን ከሎጋን ፖል፣ በኦገስት ከአዲን ሮስና ከቲዮ ቮን፣ በሴፕቴምበር ከሌክስ ፍሪድማን፣ በኦክቶበር ደግሞ ከአንድሩ ሹልዝና ከጆ ሮጋን ጋር ቀረቡ። የሮጋኑ ብቻ ወደ ሦስት ሰዓት ይጠጋል። ሮጋን በምርጫው ዋዜማ ለትራምፕ ድጋፉን በይፋ ሰጠ። በድሉ ሌሊት መድረክ ላይ የወጣው የዩኤፍሲ (የድብልቅ ማርሻል አርት ውድድር ድርጅት) ኃላፊ ዴና ኋይት ከእነዚህ አዘጋጆች አንዳንዶቹን በስም እየጠራ አመሰገነ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በኖቬምበር 2024 ባወጣው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ30 በታች ከሆኑ አሜሪካውያን 37 በመቶው ዘወትር ዜና ከሚያገኙባቸው መካከል የዜና ኢንፍሉዌንሰሮች እንደሚገኙበት አመልክቷል። ከተጠኑት ኢንፍሉዌንሰሮች 63 በመቶው ወንዶች ናቸው፤ 77 በመቶው ደግሞ ዛሬም ሆነ ቀድሞ ከዜና ተቋም ጋር ግንኙነት የላቸውም።

ይህን ስንል የወጣት ወንዶችን ድምፅ እናንተ ገለበጣችሁት ማለታችን አይደለም። ልኬቱ ራሱ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤፒ የተባለው የዜና ወኪል ቮትካስት የሚለው የመራጮች ጥናት ከ30 ዓመት በታች ካሉ ወንዶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ትራምፕን እንደመረጡ ሲያሳይ፣ መራጩን ከጣቢያ ሲወጣ የጠየቀው ጥናት ደግሞ ሁለቱን ዕጩዎች አንገት ለአንገት አድርጎ አስቀምጧቸዋል። ከ2020 ጋር ሲተያይ ወደ ቀኝ መሄዱን ግን ሁለቱም ያሳያሉ። የኑሮ ውድነት፣ የቤት ኪራይ፣ ሥራ ማጣት፣ ትዳር መመሥረት አለመቻል ያለ ፖድካስትም የሰውን ሐሳብ ይቀይራሉ። እናንተ የምታዙበት ነገር ጠበብ ያለ ነው፤ ከማይካችሁ የወጣ አባባል ምን ተጨምሮበት፣ ምን ተቆርጦለት፣ በማን ገንዘብ ለማን እንደሚደርስ ነው። ወጣቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የሦስት ሰዓቱን ጭውውት ሳይሆን ከጭውውቱ የተቆረጠውን ነው። ትልቁ ሥራ የሚያስፈልገውም እዚያ ላይ ነው።

አድማጫችሁ ለምን እንደሚያምናችሁ እናውቃለን፣ በዚህም አንከፋም። በሳምንት ስድስት ሰባት ሰዓት ድምፃችሁን በጆሮው ይዞ ይውላል፤ ሲሠራ፣ ሲነዳ፣ ሊተኛ ሲል አብራችሁት ናችሁ። ሳትገሥጹ ታዋሩታላችሁ። ስለ ብቸኝነቱና ስለ ገንዘብ ጭንቀቱ ሲያወራ የማይስቅበት ሰው ያገኘው ምናልባት እናንተ ጋ ብቻ ነው። ይህን የሚንቁና «ምን ያውቃሉ» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች ነገሩን አልተረዱትም። ግን ይህ እምነት ለእንግዳችሁም ይተርፋል። ለሁለት ዓመት ያመናችሁ ልጅ ዛሬ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ የሚስቀውን ፖለቲከኛ ግማሽ መንገድ አምኖ ነው የሚጀምረው።

ረጅም ጭውውት ውስጥ ምን እንደሚበላሽ እንመልከት። ሰው በተለመደ ፍጥነት ሲያወራ በደቂቃ 150 ቃል ገደማ ያወጣል። ሦስት ሰዓት ማለት 27,000 ቃል ነው። እንግዳው ሁለት ሦስተኛውን ቢወስድ 18,000 ቃል የእርሱ ነው። በደቂቃ አንድ ሊጣራ የሚችል አባባል ቢናገር እንኳ፣ ቁጥር፣ ቀን፣ «እገሌ እንዲህ አደረገ» የሚል፣ በሁለት ሰዓት ንግግሩ ውስጥ 120 አባባል ይገባል። አንዱን በደንብ ለማጣራት ከ20 ደቂቃ እስከ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ «ሁሉንም አጣራለሁ» ብሎ የሚነሳ አዘጋጅ ይሸነፋል፤ «ምንም አላጣራም» የሚለው ደግሞ ስቱዲዮውን ለእንግዳው አስረክቧል። መሐል ላይ ያለው መንገድ መምረጥ ነው።

እኛ የምንመክረው ሦስት ርዕስ አስቀድሞ መያዝ ነው። ለእያንዳንዱ ርዕስ ሁለት ወይም ሦስት ዋና ሰነድ ታትሞ ጠረጴዛ ላይ ይሁን፦ የሕጉ ጽሑፍ፣ የበጀቱ ገጽ፣ እንግዳው ቀደም ሲል የተናገረው ከነቀኑ። ስልክ ላይ መፈለግ አይሆንም፤ እናንተ ስትጎረጉሩ እንግዳው ወደ ሌላ ነገር አልፏል። ለእያንዳንዱ ርዕስ አንድ ጥያቄና ሁለት ተከታይ ጥያቄ በጽሑፍ ይዘጋጅ። ተከታዩ ነው ዋናው። «ይህን ከየት አወቁት?» እና «ይህን የሚወስነው የትኛው መሥሪያ ቤት ነው?» የሚሉት ሁለቱ ብቻ እንኳ ጠብ ሳያስነሱ ብዙ ያጠራሉ። የጨዋታውን ለዛም አያጠፉም፤ ጓደኛ ጓደኛውን የሚጠይቀው እንዲሁ ነውና።

ከካሜራ ውጭ ላፕቶፕ ይዞ የሚቀመጥ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ሥራው ቀልድ መፈለግ ወይም ምስል ማውጣት አይደለም። እንግዳው አባባል ሲጥል ደቂቃውን ይመዘግባል፣ ከእነዚያ ውስጥ ክብደት ያላቸውን ሦስት አራት ይመርጣል፣ ይፈልጋል፣ አዘጋጁ ፊት ባለው ስክሪን ላይ በአንድ መስመር ይጽፍለታል። በ60ኛው ደቂቃ አካባቢ የአምስት ደቂቃ እረፍት አድርጉ። ከእረፍት መልስ «ቅድም ያሉትን አይተነው ነበር» ብሎ መመለስ ቀላል ነው። በመጨረሻው ሰዓት ይህን ማድረግ ግን አይቻልም፤ ሁሉም ደክሟል፣ አዘጋጁ ወዳጅነቱን ማበላሸት አይፈልግም፣ ያልተጠየቀው ነገር ሁሉ እንደ እውነት ሰፍሮ ያልፋል። በረጅም ቅጂዎች ውስጥ ከባድ አባባሎች ሳይነኩ የሚያልፉበት ቦታ ብዙ ጊዜ ይኸው የመጨረሻው ሰዓት ነው።

አንድ ትንሽ የምትመስል፣ ግን ብዙ የምታበላሽ ነገር አለች፦ «እህ»፣ «አዎ አዎ»፣ «ልክ ነው» የምትሉት። ፊት ለፊት ሲወራ እየሰማሁህ ነው ማለት ነው። በድምፅ ብቻ ለሚሰማ ግን «እስማማለሁ» ይመስላል። ኤዲተር ሲቆርጠው ደግሞ ይብሳል። ፖለቲከኛ ሲቀርብ በአፍ ከማጽደቅ ይልቅ በጭንቅላት መነቅነቅን ልመዱ። ማይኮቹንም በተለያየ ትራክ ቅዱ፤ ሲያስፈልግ የእናንተን ብቻ ዝቅ ማድረግ ይቻላል።

አሁን ወደ ቅንጭቡ እንምጣ። አንድ የ40 ሰከንድ ቅንጭብ እንዴት እንደሚሠራ በዝርዝር እንንገራችሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችሁ ይህን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ የምታዩት እይታውን ብቻ ነው። ኤዲተሩ በመጀመሪያ ከንግግሩ ውስጥ በጣም የከረረውን ዓረፍተ ነገር ይፈልግና ከፊት ያስቀምጠዋል፤ ተመልካቹ ጣቱን አንሸራቶ የሚያልፈው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰከንዶች ውስጥ ስለሆነ ነው። ቀጥሎ ጥያቄያችሁን ያወጣዋል፣ «ጊዜ ይወስዳል» በሚል። ከዚያ «እንደማስበው»፣ «አንዳንድ ጊዜ»፣ «እርግጠኛ አይደለሁም ግን» የሚሉትን ይቆርጣል። ቀጥሎ ፊታችሁን ያመጣል። በ17ኛው ደቂቃ ስለ ቦክስ ሲወራ የሳቃችሁትን ሳቅ በ94ኛው ደቂቃ ስለ ስደተኞች ከተነገረው በኋላ ይለጥፈዋል። ትልልቅ ጽሑፍ፣ ዝቅ ያለ ሙዚቃ፣ አለቀ። እንግዳው ተጠራጥሮ የተናገረው እርግጠኛ ሆኗል፤ እናንተ ያልተስማማችሁበት ነገር ላይ ተስማምታችኋል። ውሸት የተጨመረበት ቃል ግን አንድም የለም። ለዚህ ነው በኋላ «እንዲህ አላልኩም» ማለት የማይያዘው።

ይህ ሥራ ገበያ አለው። ቆራጮች በሺህ እይታ ሒሳብ ይከፈላቸዋል። በ2022 ስለ ወንድነትና ስለ ገንዘብ የሚያወራው ኢንፍሉዌንሰር አንድሩ ቴት የሚሸጠው የኦንላይን ትምህርት አባላት የእርሱን ቪዲዮ እየቆረጡ ከኮሚሽን ሊንክ ጋር እንዲለጥፉ ይበረታቱ ነበር። በዚያ ዓመት ኦገስት ውስጥ ዋና ዋናዎቹ መድረኮች የእርሱን አካውንት ዘጉ፤ በሌሎች ሰዎች ገጽ ላይ የነበሩት ቁራጮች ግን መዞራቸውን ቀጠሉ። ዘዴው የተናጋሪው አካውንት መኖር አለመኖር አያሳስበውም። በእይታ ብዛት የሚከፈለው ሰው የሚያከርረውን ይመርጣል፤ ክፋት ስላለበት ሳይሆን የሚከፈለው ለእርሱ ስለሆነ ነው። ስለዚህ ቆራጭ ስትቀጥሩ በቁራጭ ቁጥር ወይም በወር ደመወዝ ክፈሉ፣ በሺህ እይታ አትክፈሉ። ከምንጠይቃችሁ ሁሉ ብዙ ወጪ የሌለው፣ ለውጡ ግን ቶሎ የሚታየው ይህ ነው።

የራሳችሁን ቅንጭብ ከዋናው ዝግጅት ጋር በዚያው ሰዓት አውጡ፤ ስድስት ሰዓት ዘግይታችሁ ከወጣችሁ ሌላው ቀድሟችኋል። ጥያቄው፣ መልሱና ተከታዩ ጥያቄ ሦስቱም ይኑሩበት። ለዚህ ከ90 ሰከንድ እስከ ሁለት ደቂቃ ያስፈልጋል። የዩቲዩብ ሾርትስ ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ እስከ ሦስት ደቂቃ ስለሚፈቅድ «አይበቃም» የሚባል ሰበብ የለም። የክፍሉን ቁጥርና የደቂቃውን ሰዓት በምስሉ ጥግ ላይ አትሙት፤ መግለጫ ውስጥ ቢጻፍ ሰው ዳውንሎድ አድርጎ ሲለጥፈው ይጠፋል። ከላይኛው ጫፍ ትንሽ ወደ መሐል ብታስጠጉት ደግሞ ለመከርከም ያስቸግራል። ሙሉውን ንግግር በጽሑፍ አውጡ። በማሽን የተጻፈው ስምና ቁጥር ላይ ስለሚሳሳት ቢያንስ የፖለቲካውን ክፍል ሰው ይየው። የመቁረጥ ፈቃዳችሁንም በአንድ አንቀጽ ጻፉት፦ ማንም ሊቆርጥ ይችላል፣ ሰዓቱን አያጥፋ፣ ከሌላ ደቂቃ ምስል አያምጣ። ይህን ጥሶ ያዛባውን በኮፒራይት ማስነሳት ትችላላችሁ። የሚተቿችሁን ለማፈን ከተጠቀማችሁበት ግን መሣሪያው በራሳችሁ ላይ ይዞራል፤ ተቺን አትንኩ።

ገንዘቡ ላይ ረዘም አድርገን እንቆያለን፣ ምክንያቱም ብዙ ነገር የሚንሸራተተው እዚህ ነው። ዩቲዩብ በ2012 ቪዲዮ የሚያቀርብበትን መለኪያ ከጠቅታ ወደ እይታ ጊዜ ቀየረ። በቪዲዮ መሐል ማስታወቂያ ለማስገባት ቢያንስ ስምንት ደቂቃ ይጠይቃል፤ ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ ለአዘጋጁ 55 በመቶ፣ ከሾርትስ 45 በመቶ፣ ከሱፐር ቻት (ተመልካች ላይቭ ላይ ከፍሎ ከሚጽፈው መልእክት) 70 በመቶ ይከፍላል። ኪክ የተባለው የላይቭ መድረክ ከሰብስክሪፕሽን ገቢ 95 በመቶውን ለአዘጋጁ እንደሚተው ተናግሮ ነው ገበያ የገባው። እነዚህ ቁጥሮች ላይ ምንም ወንጀል የለም። ነገር ግን ላይቭ ላይ ገንዘብ ከፍሎ የሚጽፈው ሰው ከአድማጩ ጥቂቱ፣ ብዙውን ጊዜም እጅግ የተቆጣው ነው። የእርሱን መልእክት እያነበባችሁ፣ እየመለሳችሁ፣ እየተመሰገናችሁ ስድስት ወር ስትቆዩ ሐሳባችሁ ሳታውቁት ወደ እርሱ ይሄዳል። እናንተ አድማጩን መራችሁት ሲባል፣ እርሱ እናንተን እየመራ ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ሁለት ነገር እንመክራለን። ፖለቲካ ላይ በምትቆዩበት ሰዓት የተከፈለበትን መልእክት ማንበብ አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ይነበባል። ሁለተኛው የእይታ ግራፉ ነው። እንግዳውን ስትሞግቱት ግራፉ ዝቅ ይላል፣ ይህ የተለመደ ነው፤ ጭንቅ ያለበት ቦታ ላይ ጥቂት ሰው ይወጣል። ይህን አይታችሁ «ሰው ጥያቄ አይወድም» ብላችሁ ከደመደማችሁ ቀጣዩን እንግዳ አትጠይቁትም። በዚያ ፈንታ በሰባት ቀን ውስጥ ተመልሶ የመጣውን ተመልካች ተመልከቱ። በ2025 ትራምፕን ጋብዘው ከነበሩት አዘጋጆች አንዳንዶቹ፣ አንድሩ ሹልዝን ጨምሮ፣ የመንግሥቱን እርምጃዎች በግልጽ ነቅፈዋል። ዝግጅታቸውም አልፈረሰም።

የስፖንሰር ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር አርቲ የተባለው የሩሲያ መንግሥት ሚዲያ ሁለት ሠራተኞችን ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው 10 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በቴነሲ ወዳለ አንድ የይዘት ድርጅት ገብቷል። ገንዘቡ በቱርክ፣ በተባበሩት አረብ ኤምሬቶችና በሞሪሸስ ባሉ የስም ኩባንያዎች በኩል ነው የሄደው፤ ከፊሉ ሐዋላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ግዢ ተብሎ ተመዝግቧል። ባለሀብት ተብሎ የቀረበው ሰው የሌለ ሰው ነበር። ለአንድ ተንታኝ በሳምንት አራት ቪዲዮ በወር 400,000 ዶላርና 100,000 ዶላር የፊርማ ክፍያ እንደታሰበም ክሱ ያትታል። የቀረቡት ታዋቂ ተንታኞች አልተከሰሱም፤ ተታለናል ብለዋል። ሣሩን አይቶ ገደሉን አለማየት የሚባለው ይህ ነው።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የምትጠይቁት ቀላል ነው። ገንዘቡ መጨረሻ ላይ የማን ነው? የሚከፍለው የባንክ ሒሳብ በውሉ ላይ ካለው ድርጅት ስም ጋር አንድ ነው? ክፍያው ሌላው ለተመሳሳይ ሥራ ከሚከፍለው ስንት እጥፍ ነው? ይዘቱን የሚያጸድቅ፣ «ይህን ቪዲዮ ለጥፍልን» ማለት የሚችል ሰው አለ? ባለሀብቱን በቪዲዮ ስብሰባ ፊቱን ከፍቶ፣ ሰነዱን ይዞ አግኝታችሁታል? ከእነዚህ አንዱ ላይ መልስ ካጣችሁ ጠበቃ ሳያየው አትፈርሙ።

ሕጉ ክፍተት አለበት፣ ያንን ክፍተት የሚሞላው ለጊዜው የእናንተ ጨዋነት ነው። በአሜሪካ የ1934ቱ የኮሙኒኬሽን ሕግ አንቀጽ 315 ለዕጩ የአየር ሰዓት የሰጠ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጣቢያ ለተፎካካሪውም እኩል ዕድል እንዲሰጥ ያዛል፤ ለዜና ቃለ ምልልስ ልዩ ሁኔታ አለው። ፖድካስትን አይነካም። በ2024ቱ ምርጫ አንድ ኢንፍሉዌንሰር ከዘመቻ ገንዘብ ተቀብሎ ሲለጥፍ «ተከፍሎኛል» ብሎ እንዲጽፍ የፌዴራል ምርጫ ኮሚሽን ደንብ አያስገድደውም ነበር። በአውሮፓ ኅብረት ግን ደንብ 2024/900 ከኦክቶበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል፤ የተከፈለበት የፖለቲካ መልእክት ማን እንደከፈለ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ለየትኛው ምርጫ እንደሆነ ማሳየት አለበት።

ኅብረቱን እንዲህ ዓይነት ደንብ ለምን እንደሚያስፈልገው ሩማንያ በደንብ ታሳያለች። በኖቬምበር 24 ቀን 2024 የፕሬዝዳንትነት ዕጩው ካሊን ጆርጄስኩ የምርጫ ወጪዬ ዜሮ ነው ብሎ እየተናገረ የመጀመሪያውን ዙር አንደኛ ሆኖ ጨረሰ። ዘመቻው ያደገው በአብዛኛው በቲክቶክ ነበር። በዲሴምበር 6 የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ምርጫውን ሰረዘ። ከዚያ በፊት ኢንፍሉዌንሰሮች ገንዘብ ተቀብለው፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ «ጥሩ ፕሬዝዳንት እንዲህ ያለ ሰው ነው» የሚል ቪዲዮ ሠርተው ነበር። ስሙን የሞላው ኮሜንቱ ነው። ለእናንተ የሚጠቅመው ትምህርት ይኸው ነው፦ የዕጩ ስም የሌለበት የተከፈለበት መልእክትም የምርጫ ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል። ተከፍሏችሁ ከሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ፣ በአፋችሁ፣ የከፋዩን ስም ጠርታችሁ ተናገሩ። የተከፈለ የአውሮፕላን ቲኬት፣ ሆቴልና ስጦታም ክፍያ ነው።

ስለ ይዘቱም አንድ ነገር እንላለን። ከጂም ወደ ፖለቲካ የሚወስደው መንገድ ብዙ ጊዜ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ «ራስህን አሻሽል» ይባላል፣ ጥሩ ምክር ነው። ቀጥሎ «ያልተሳካልህ አንተ ስለሰነፍክ አይደለም» ይባላል፣ ይህም እውነትነት አለው። ሦስተኛው «ይህን ያደረጉብህ እነርሱ ናቸው» የሚለው ነው፤ እነርሱ ማለት አንዴ ሴቶች፣ አንዴ ስደተኞች፣ አንዴ ጋዜጠኞች ይሆናሉ። አራተኛው ላይ ዕጩው ይመጣል። ማቆም ያለባችሁ ሁለተኛውና ሦስተኛው መካከል ላይ ነው። እንግዳው «እነርሱ» ሲል «እነማን? የትኛው ሕግ? መቼ የወጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። የቤት ዋጋ የተወደደበት ምክንያት የግንባታ ፈቃድ፣ ወለድ፣ የመሬት አቅርቦት ሆኖ ሲዘረዘር ወጣቱ ሊጠይቀው የሚችል መሥሪያ ቤት ያገኛል። «እነርሱ» ላይ ሲቆም የሚያገኘው ቁጣ ብቻ ነው።

ላይቭ ላይ ደግሞ ይህ በሰዓታት ውስጥ ወደ አካል ጉዳት ሊለወጥ ይችላል። በጃንዋሪ 19 ቀን 2025 በደቡብ ኮሪያ የፕሬዝዳንት ዩን ሶክ ዮል የእስር ማዘዣ ሲጸድቅ ሰዎች የሶል ምዕራብ ወረዳ ፍርድ ቤትን ሰብረው ገቡ። ከታሰሩት ብዙዎቹ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ላይ ያሉ ነበሩ፤ ዩቲዩበሮች ደግሞ ቦታው ላይ ሆነው በቀጥታ ያስተላልፉ ነበር። ከባድ የፖለቲካ ቀን ላይ ላይቭ ከከፈታችሁ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ማዘግያ አስገቡ፣ ቢያንስ ሁለት ሞደሬተር አስቀምጡ፣ የቦታ አድራሻና «እንሂድ» የሚል ጥሪ ያለበትን ኮሜንት ወዲያው እንዲያወርዱ ሥልጣን ስጧቸው። አንድ ሞደሬተር ብቻውን ከአንድ ሰዓት በላይ አይችለውም፣ ዓይኑ ይዝላል። ለመዝጋት የሚወስነውም ማይክ ላይ ያለው ሰው ባይሆን ይሻላል፤ የተመልካቹ ቁጥር ሲወጣ እያየ የሚዘጋ ሰው ጥቂት ነው።

ስትሳሳቱ እርማቱ ስሕተቱ የደረሰበት ቦታ ይድረስ። በመግለጫው ግርጌ የተጻፈ እርማት በጆሮው ብቻ ለሚከታተለው የለም ማለት ነው። የሚቀጥለው ክፍል በጀመረ በአምስት ደቂቃ ውስጥ በድምፅ ተናገሩት፤ በአሮጌው ቪዲዮ ላይ ስሕተቱ ያለበት ደቂቃ ላይ ጽሑፍ አስገቡ፤ በድምፅ ፋይሉ ላይ አጭር ማስታወሻ ቀድታችሁ ቀጥሉበት፤ ኮሜንት ላይ ፒን አድርጉት። ስሕተቱ በቅንጭብ ከሄደ እርማቱም በቅንጭብ፣ በተመሳሳይ ርዝመትና ምስል ይውጣ። ቪዲዮውን ዝም ብሎ ማጥፋት ግን አይመከርም፤ ሌላው ጋ ያለው ኮፒ «የተደበቀው ቪዲዮ» ተብሎ ይዞራል።

ለመድረኮቹ ያለን ጥያቄ አጭር ነው። ከረጅም ዝግጅት የተቆረጠ ቪዲዮን ከምንጩ ጋር የሚያገናኝ ሊንክ በራሱ እንዲታይ አድርጉ፤ የተቀዳ ሙዚቃና ፊልም የሚለየው ቴክኖሎጂ በእጃችሁ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ በአንቀጽ 38 ተጠቃሚው የግል መረጃው ሳይተነተን የሚቀርብለትን ዝርዝር እንዲመርጥ ያዛችኋል። እዚያ የሠራውን ማብሪያ ማጥፊያ ለሌላው ዓለምም ክፈቱት።

ወደ እናንተ እንመለስና የመጨረሻውን ጥያቄ እናቅርብ፤ ግብዣውን ይመለከታል። በ2024 ካማላ ሃሪስ ሮጋን ጋ ሳይቀርቡ ቀሩ። ሮጋን እንደተናገረው የሃሪስ ሰዎች እርሱ ወደ እነርሱ እንዲሄድና አንድ ሰዓት ብቻ እንዲሆን ፈልገው ነበር፤ እርሱ ደግሞ በራሱ ስቱዲዮ፣ ረዘም ላለ ጊዜ ነበር የፈለገው። ድርድሩ ይፋ ባይሆን ኖሮ አድማጩ የአንዱን ወገን ሦስት ሰዓት ሰምቶ የሌላውን ዝምታ በራሱ ግምት ይተረጉመው ነበር። ስለዚህ ለሁሉም ዕጩ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ላኩ፦ ቦታው፣ ርዝመቱ፣ ጥያቄ አስቀድሞ እንደማይላክ፣ ቅጂውን እንግዳው እንደማያስቆርጥ የሚገልጽ። ደብዳቤውን የላካችሁበትን ቀን፣ ማን እንደተቀበለ፣ ማን እንዳልመለሰ በገጻችሁ ላይ ለጥፉ። አንድ እንግዳ የተለየ ነገር ከጠየቀና ከተስማማችሁ፣ ምን እንደተስማማችሁ ቅጂው ሲጀምር፣ እርሱ አጠገባችሁ ተቀምጦ ሳለ፣ ለአድማጩ ተናገሩት።

ከአክብሮት ጋር፣
በፖድካስት ዝግጅት፣ በቪዲዮ ኤዲቲንግና በመረጃ ማጣራት ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች